ለሽማግሌ የሰጠሁት ቃል

ሽማግሌ አከብራለሁ ብዬ ልጄን ሜዳ ላይ ልጥላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የመጣብኝን አስታራቂ በባዶ እጁ መልሼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ብርቄ እባላለሁ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ጧፍና ሻማ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የአስኳላ ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ ቅጥሩ ሥር ይቀመጡ የነበሩ አንድ የኔታ ናቸው፣ እኔ ጧፍ እየሰጠኋቸው እሳቸው «ሀ ሁ» እያሉኝ። አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል እግሬም እንደዚያው ነውና ታገሱኝ። አንድ ቦታ አላርፍም። ፒያሳ ግማሹ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቶ እንኳ፣ የሌለ ቅያስ ልታጠፍ ስል ራሴን አገኘዋለሁ። «እዚህ ጋ እኮ የእነ እንትና ቤት ነበር» እላለሁ ለራሴ፣ ሰው እያየኝ።

ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት፤ ጽጌ። ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ለብቻዋ ነው የምታሳድግ። አምስት ኪሎ አጠገብ፣ አንድ ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ ስድስት ዓመት ሊጥ አቡክታለች። ባለቤቱ ታምሩ ይባላል። ካቻምና፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ የማቡኪያው ማሽን መከለያው ከወለቀ ሰንብቶ ኖሮ፣ ቀኝ እጇን ጎትቶ አስገባው። ሦስት ጣቶቿ ሄዱ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ብቻ ቀሩላት።

እግዜርን ስለምፈራ እውነቱን ልናገር፤ ታምሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ሐኪም ቤት ይዟት የሮጠው እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከኔ እኩል አልቅሷል። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። አንደኛው የራሱ አጎት ነው። ሁለተኛው የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ሦስተኛው ሐጂ ይማም ናቸው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርስ በፊት እዚያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከባልና ሚስት ጥል እስከ አጥር ክርክር፣ እሳቸው ሳይቀመጡበት የበረደ ነገር በሰፈሩ አላውቅም።

ታምሩ ብድግ አለና፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ሊጤን ያቦካች ሠራተኛዬ ናት፤ እህቴ ናት። የጎደለባትን እኔ እሞላለሁ። ብቻ ፍርድ ቤት አንካሰስ» አለ።

ጽጌ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን እንዳቀፈች ካልጋው ላይ፣ «እማዬ፣ በወረቀት ይጻፍ» አለች።

ደነገጥኩ። ሽማግሌ ፊት ወረቀት መጠየቅ አላምናችሁም ማለት አይደል? «ዝም በይ!» አልኳት። ዝቅ ብዬ የሐጂን ጉልበት ያዝኩና፣ «በናንተ ይለቅ። ፍርድ ቤት አልሄድም፤ ቃሌ ነው» አልኩ። ተመራርቀን ተለያየን።

ታምሩ እስከ ፋሲካ እከፍላለሁ አለ፤ ፋሲካ አለፈ። እስከ ቡሄ አለ፤ ቡሄም አለፈ። ከመስቀል በኋላ ስልክ ማንሳቱን ተወ። ጽጌ በዚያ ሁሉ ወር ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ግን ምግብ ሳቀርብ ቀኟን ነጠላዋ ሥር ደብቃ በግራዋ ትበላ ነበር። ያ ለኔ ከስድብ ይብሳል። አንድ ቀን ብቻ፣ «አንቺ ሽማግሌዎቹን አከበርሽ፤ እኔንስ ማን ያክብረኝ?» አለችኝ።

ጥቅምት ሲገባ እሷው ጎትታ ጠበቃ ዘንድ ወሰደችኝ። «ጠበቃ ነገር ያከራል» ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ፒያሳ ውስጥ ካልፈረሱት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ የእንጨት ደረጃ ስንወጣ መደገፊያውን ይዤ በየመሃሉ እቆም ነበር። የጠበቅሁት ግንባሩ የተቋጠረ ሰውዬ ነው። ያገኘኋት ግን ሸራ ጫማ ያደረገች ለጋ ልጅ፣ ቤዛ የምትባል። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ፤ ይሄ ደረጃ እኔንም ሊገድለኝ ነው» አለችኝ። በምን እንደምንከፍላት ስጠይቃት፣ «እኛ ጠበቆች በየዓመቱ በነፃ የምንይዘው ጉዳይ አለ። የዘንድሮዬ ጽጌ ትሁን» አለች። ውልና ማስረጃ ሄደን ውክልና ሰጠናት። ጽጌ በሁለት ጣቷ እስክሪብቶውን ይዛ ስትፈርም ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ፤ እሷ ግን ፊርማዋን አሳምራ ጨረሰች።

ቤዛ ለታምሩ ደብዳቤ ጻፈች። መልሱ የመጣ አንድ ረቡዕ ነው። ልነግራችሁ የተነሳሁትም ከዚያ ረቡዕ እስከ ሰኞ የሆነውን ነው።

«እማማ፣ ልብዎን ጸና ያድርጉ» አለችና አነበበችልን። ወይዘሮ ጽጌ የተባሉት የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ሆነው አያውቁም ይላል። በጉርብትና አልፎ አልፎ ሊጠይቁን ይመጡ ነበር ይላል። የዚያን ዕለትም ሳይፈቀድላቸው ማሽን ነክተው ተጎዱ ይላል።

ጽጌ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «አዎ! በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እየሄድኩ ነበር የምጠይቀው!»

ቤዛ አልሳቀችም። «ውል አልጻፋችሁም?»

«የለም።»

«ደሞዝ ስትቀበዪ የምትፈርሚበት?»

«ደብተር አለ። እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«አብረውሽ የሚሠሩትስ?»

«ሁለት ሴቶች አሉ። ደወልኩላቸው። አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ ዘጋችብኝ። እንጀራቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም።»

«ደንበኞች?»

«ዳቦ የሚገዛ ሰው ጓዳ አያይም።»

ቤዛ ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ሕጉ ውል በወረቀት ስላልተጻፈ ብቻ አይጥላትም። ስትሠራ ያየ ወይም ሠራተኛዬ ናት ሲል ከአፉ የሰማ ሰው ከመሰከረ ይበቃናል። ችግሩ የምስክሮቹ ስም ከክሱ ጋር አብሮ መግባት አለበት። አደጋው ከደረሰ ዓመት ሊሞላው አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ካለፈ ጊዜው አልፎበታል ብለው መዝገቡን ሊያዘጉብን ይችላሉ። ይሄን ሁሉ ወር ምን ስትጠብቁ ነበር?»

ጽጌ ጣሪያውን አየች። እኔ መሬቱን አየሁ። እፍረቴ ነው መሰል ያስለፈለፈኝ፣ «እሱ ራሱ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሠራተኛዬ ናት ብሎ የለም እንዴ!» አልኩ።

ቤዛ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ማን ፊት?»

ወዲያው አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በሽምግልና የተባለ ነገር እዚያው ይቀበራል፤ እንዲህ ነው የምናውቀው። ቤዛ ግን እየጻፈች ነበር። «ስማቸውን ይንገሩኝ፤ በፍርድ ቤት መጥሪያ እናስጠራቸዋለን።»

«ሐጂን በመጥሪያ? እንደ ሌባ?» አልኳት። «የኔ ልጅ፣ አይሆንም። ሰውየው በኔ የተነሳ መጥሪያ ከሚደርሳቸው ቢቀርብኝ ይሻላል።»

«እማዬ!» አለች ጽጌ።

«እኔው እሄዳለሁ» አልኩ። «ቃል የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ የምሄደውም እኔ ነኝ።»

ግን ወዴት ልሂድ? ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሐጂን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሰጥተዋቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ። ሐሙስን ሙሉ ፒያሳን ዞርኩ። የድሮ ልብስ ሰፊዎች፣ ጨርቅ ሻጮች፣ ማን ቀረኝ። «ሩቅ ናቸው» ይላል አንዱ። «አርጅተው አይወጡም» ይላል ሌላው። ሊመሽ ሲል አንዲት ጨርቅ ሻጭ፣ «ሐጂ ይማም? ዓርብ ዓርብ እኮ ሁለት ታክሲ ይዘው ለጁምዓ እዚሁ ድሮ ወደለመዱት መስጊድ ነው የሚመጡት» አለችኝ። እዚያው በደረቴ አማተብኩ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መስጊዱ በር ማዶ ቆሜያለሁ። መፋቂያ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ያውቀኛል፤ ከሩቅ አይቶኝ ጮኸ።

«እማማ ብርቄ! ጊዮርጊስ ምን አስቀየሙዎት?»

«ምንም አላስቀየሙኝ። ወደዚህ የላኩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሳቀና የተቀመጠባትን ዱካ አቀበለኝ። ሶላቱ አልቆ ሰው ጎርፍ ሆኖ ሲወጣ ዓይኔ ፈዘዘ፤ ሁሉም ነጭ ለባሽ፣ ሁሉም ባለ ኮፍያ። ያለፉኝ መስሎኝ ከዱካው ብድግ ስል፣ «አንቱ! እመት ብርቄ አይደሉም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ። ሐጂ ናቸው፤ በከዘራ፣ ከስተው።

ጥላ ሥር አረፍ አልን። የቤት የልጁን ተጠያየቅን። እኔ ነገሩን ልጀምር እላለሁ፣ ተመልሼ ጤና እጠይቃለሁ። በመጨረሻ፣ «ሐጂ፣ የመጣሁት ቃሌን ይመልሱልኝ ልል ነው» አልኩ።

«ቃል ዕቃ ነው እንዴ የሚመለስ?»

«ፍርድ ቤት አልሄድም ብዬ ጉልበትዎን ይዤ ምያለሁ። ያንን ቃል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ታምሩ አልሞላም?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋሲካውን፣ ቡሄውን፣ ስልኩን። ደብዳቤው ላይ ስደርስ ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «ሠራተኛዬ አይደለችም? እንዲህ ብሎ ጻፈ?»

«ሊጠይቁን ይመጡ ነበር አለ።»

«አላህ!» አሉ። ቀጥለው ያልፈለግሁትን ነገር ተናገሩ። «የፈለጉት ገብቶኛል። ግን ይስሙኝ። ሃምሳ ዓመት ሸምግዬ፣ አንዲት ወሬ ከዚህ ወጥታ አታውቅም።» ደረታቸውን መቱ። «ባሌ መታኝ ያለችው፣ ልጄ ዘረፈኝ ያለው፣ ሁሉም እዚህ ነው። ዛሬ ዳኛ ፊት ብናገር ነገ ማን ልቡን ይሰጠኛል?»

«እውነትዎን ነው» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። «ጠበቃዋ በመጥሪያ ላስጠራቸው ስትል አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ። ምስክርነቱን አልለመንኩዎትም። ቃሌን ብቻ ይመልሱልኝና ያለ ምስክርም ቢሆን ትክሰስ። እናቷ አፏን ይዛት ከምትቀር፣ ተናግራ ብትረታ ይሻላታል።»

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ። መፋቂያ ሻጩ እንኳ ጨዋታውን አቁሞ ያየናል። ከዚያ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ይነሱ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ዳቦ እንገዛለን።»

ከዚያ እስከ አምስት ኪሎ ያለውን መንገድ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሄጄዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን የረዘመብኝ ግን የለም። ታክሲ ልያዝ ብል፣ «በእግሬ ላስብ» አሉኝ። እያረፍን፣ እየተነፈስን ሄድን። ምን ሊሉ እንዳሰቡ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምናልባት እንደገና ሊያስታርቁን ይሆናል አልኩ በሆዴ። እንደገና እስከ ገና ቢልስ? እሳቸው ፊት እንቢ ማለት እችላለሁ? ጽጌ ትዝ አለችኝ፤ ግራ እጇ ትዝ አለኝ። እችላለሁ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያልኩት።

ዳቦ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ታምሩ ባንኮኒው ኋላ ነው። ሲያየን ቶሎ ፈገግ አለ።

«ሐጂ! እማማ ብርቄ! ግቡ ግቡ፣ ሻይ ላስቀዳ።»

«ሻይህን ተወው» አሉ ሐጂ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚች እናት ልጅ ላንተ ምንህ ናት?»

ታምሩ ደንበኞቹን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐጂ፣ ወረቀቱን እኮ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ካላልክ ቤትህ ይዘጋል ተብዬ ነው» አለ።

«ስለጻፈው ሰው አልጠየቅሁህም።»

«ከዚህ ቤት አሥራ አንድ ነፍስ ይበላል፣ ሐጂ!»

«አሥራ ሁለተኛዋስ?»

ታምሩ የባንኮኒውን መስታወት በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ንጹሕ ነበር፣ ግን ወለወለው። ከዚያ ቀና ብሎ በቁጣ፣ «የሽማግሌ ነገር አደባባይ ይወጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» አለ።

«ነውር ነው» አሉ ሐጂ ረጋ ብለው። «ለዚህ ነው ከጀርባህ ሳልናገር ፊትህ የቆምኩት። ሰኞ ስሜን ለምስክርነት አስጽፋለሁ። የቀረውን ምስጢርህን አንዷንም አላወጣም። ያቺን አንዷን ቃል ብቻ፣ ስድስት ዓመት ሊጤን ያቦካች ሠራተኛዬ ናት ያልካትን። እሷ ያንተ ምስጢር አይደለችም፤ የልጅቱ ናት።»

ታምሩ ጨርቁን አንስቶ መስታወቱን እንደገና ይወለውል ጀመር። የጓዳው በር ላይ አንዲት ሴት እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆኖ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ወደ ውስጥ ገባች።

ደጅ ስንወጣ ሐጂ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። «እመት ብርቄ» አሉኝ፣ «ቃልዎን መልሻለሁ። ለካ ያን ዕለት ልጅቱ ወረቀት ስትል፣ በጄ ጻፉላት ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አብሽሩ።»

ልቅሶዬ የመጣው ያኔ ነው። ዳቦውንም ሳንገዛ ተመለስን።

ቅዳሜ ማታ የጽጌ ስልክ ጮኸ። ያቺ ጓዳ በር ላይ ያየኋት ሴት ናት፤ ቀድሞ ስልኩን የዘጋችባት። «ሽማግሌው ሳይፈሩ እኔ ልፍራ? እኔንም አስጽፊኝ» አለቻት። ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሁለት ታክሲ ይዘው መጡ፤ ያን የእንጨት ደረጃ እኔና ጽጌ ግራና ቀኝ ደግፈን አወጣናቸው። ቤዛ ክሱን ዓመቱ ሊሞላ ስድስት ቀን ሲቀረው ሁለት ምስክር ጽፋ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀጠሮ ነው፤ ሄደን መጣን፣ ሄደን መጣን። የምስክር ቀን የታምሩ ጠበቃ ሐጂን፣ «የሽምግልናን ምስጢር አውጥተው አያፍሩም?» ቢላቸው፣ «አፍራለሁ፤ በዝምታዬ ግን የበለጠ አፍር ነበር» አሉት። ፍርድ የተሰጠ ዕለት ዳኛዋ ብዙ አነበቡ፤ ብዙው አልገባኝም። «ሠራተኛ እንደነበረች ተረጋግጧል» የሚለው ሲደርስ ግን የጽጌ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ቀኙ። የተወሰነላት ካሳ ጣቶቿን አይመልስም፤ እኛ ከጠበቅነውም አንሷል። እሷ ግን እየወጣን፣ «እማዬ፣ ስድስት ዓመቴ ተመለሰልኝ» አለችኝ። አሁን በቀኟ ትበላለች፤ በሁለት ጣት፣ ቀስ ብላ። ታምሩን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። መጀመሪያ ፊቱን ያዞር ነበር፤ አሁን አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሽማግሌ አታክብሩ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ዛሬም ሽማግሌ ሲመጣ እነሳለሁ። ግን መክበር ያለበት የተጎዳውም ነው። እርቅ ቀን ይቆረጥለት፣ በወረቀት ይጻፍ፣ ያ ነውር አይደለም። ቀኑ ካለፈ ዓመት ሳይሞላ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ጠበቃ ነገር ያከራል የሚለውን ተዉት፤ እኔ ያየኋት ጠበቃ ነገሩን የት እንደማስቀምጠው ነው ያሳየችኝ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ልጄ አሥራ አንድ ወር ባላለቀሰች።

እግሬ መቼም አያርፍም፤ አሁን ወደዚያ ደረጃም ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ከግንባታ ላይ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ጎረቤቴን ይዤው ሄድኩ። ግማሽ ላይ ቆመብኝ። አሠሪው የአገሩ ልጅ ነው፣ ሽማግሌም ልኮበታል።

«እማማ ብርቄ» አለኝ እያላበው፣ «ከሰሰ ሲባል ሰው ምን ይለኛል?»

«ሠራተኛ ነበር ይልሃል» አልኩት። «ውጣ።»

ወጣ።